ክርስቲና ፎግል የምትባለዋን ጀርመናዊት የትራክ ብስክሌተኛ የምታውቁ ንገሩኝ

የጠባሴ ልጅ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው። ሳይክል የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ።

ታናሽ እህቴ ሳይክል ነፍሷ ነው። የሰፈር ልጆች አጭር ርቀት ሲወዳደሩ ወንዶቹን ጥላቸው ነው የምትሄደው፣ የሚደርስባት የለም። ረጅም መንገድ ላይ ግን ወዲያው ትደክማለች። ወደ ጫጫ ስንወጣ ያ የደብረ ብርሃን ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ እሷ ወደ ኋላ ትቀራለች። ያኔ ትናደዳለች። «ሳይክል አይሆነኝም» ትላለች።

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ አገኘችና ደጋግማ ስታየው ዋለች። የሪዮ ኦሊምፒክ ነው። ሁለት ሴቶች እንደ ጎድጓዳ ሳህን ጠርዙ ወደ ላይ የቆመ ክብ ሜዳ ላይ ናቸው። መጀመሪያ እየተንቀራፈፉ፣ አንዷ ሌላዋን እየሰረቀች እያየች ይሄዳሉ። ከዚያ ድንገት ይፈተለካሉ። አንደኛዋ ክርስቲና ፎግል ናት። መጨረሻው ላይ የሳይክሏ ሴላ (መቀመጫው) ወልቆ ወደቀ! እሷ ግን አሸነፈች።

ከቪዲዮው ስር አንድ ሰው «ይቺ ልጅ አሁን ሽባ ሆናለች» ብሎ ጽፏል። እህቴ ያን ካነበበች ወዲህ ፊቷ ጠቁሯል። እናታችን ደግሞ ሰማችና ሳይክሉን ጓዳ አስገብታ ቆለፈችበት።

እና እውነት ነው ወይ? ይሄ ውድድርስ ምንድነው፣ ለምን ቀስ ብለው ይጀምራሉ? እንደ እህቴ አጭር ርቀት ላይ ብቻ የሚሆንለት ሰው በሳይክል የትም ይደርሳል? ለእናቴም የምላት ነገር እፈልጋለሁ። ባዶ ማጽናኛ አልፈልግም፣ እውነቱን ንገሩኝ።

መንዜው፦

ወንድሜ ጥሩ ጥያቄ ነው። ትራክ ሳይክል በኛ አገር ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ምክንያቱም ሜዳው የለንም። ሳይክል ሲባል የኛ ሰው የሚያስበው መንገዱን ነው። ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ የጋለበው፣ ጽጋቡ ግርማይም በ2016 ቱር ደ ፍራንስ የገባው በመንገድ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ያየኸው ሜዳ ቬሎድሮም ይባላል። ለትልልቅ ውድድር የሚሠራው አንድ ዙር 250 ሜትር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእንጨት ይሠራል። ማጠፊያው ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ያዘነብላል። በእግርህ ልውጣው ብትል ያንሸራትትሃል። በፍጥነት የሚመጣ ሳይክል ግን ይዞት ይሄዳል።

ያየኸው ውድድር ስፕሪንት ነው። ሁለት ሰው ብቻ ይገጥማል፣ ከሩብ ፍጻሜ ጀምሮ ከሦስት ግጥሚያ ሁለቱን ያሸነፈ ያልፋል። ቀስ የሚሉት በነፋስ ምክንያት ነው። ከፊት ያለው ነፋሱን ይሰብራል፣ ከኋላ ያለው ተጠልሎ ጉልበቱን ይቆጥባል። አንተም ወደ ጫጫ ስትሄድ ከአይሱዙ ኋላ ገብተህ ከሆነ ታውቀዋለህ (አትግባ ግን፣ ሰው የሚሞትበት ነገር ነው)። ስለዚህ ማንም ቀድሞ መሮጥ አይፈልግም። ይተያያሉ፣ ይታለላሉ፣ አንዳንዴም ሳይክሉን ባለበት አቁመው እግራቸውን መሬት ሳያስነኩ ይጠብቃሉ። ከዚያ የመጨረሻው 200 ሜትር አካባቢ ሲደርሱ ያለ የሌለ ጉልበታቸውን ያወጡታል።

እህትህን በተመለከተ፣ ይሄ ስፖርት ለሷ ዓይነት ሰው የተሠራ ነው። ረጅም መንገድ ላይ መድከሟ ለዚህ ውድድር ጉድለት አይደለም። እኛ ጋ ሁሉን ሰው በ10 ሺህ ሜትርና በማራቶን ስለምንለካ ፈጣን ጡንቻ ይዞ የተወለደ ልጅ ሰነፍ ይባላል። ይሄ ያናድደኛል።

የሞላሌ ልጅ፦

ፎግልን ከለንደን ኦሊምፒክ ጀምሮ እከታተላታለሁ። ስለ አደጋዋ ብቻ ሲወራ ስለማልወድ ከመጀመሪያው ልጀምር።

የተወለደችው በ1990 ሌኒንስኮዬ በምትባል ቦታ ነው፣ የዛሬዋ ኪርጊስታን። ያኔ ሶቭየት ኅብረት ነበር። ቤተሰቧ ገና ሕፃን ሳለች ይዘዋት ጀርመን ገቡ። ያደገችው ቱሪንገን በሚባለው ክፍለ ሀገር ነው፣ ሳይክል የሠራችው ኤርፉርት። በወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና ደጋግማ አሸንፋ ስሟ መነሳት እንደጀመረ፣ በ2009 መንገድ ላይ ልምምድ ስትሠራ ከሚኒባስ ጋር ተጋጨች። ኮማ ውስጥ ገባች። መንጋጋዋ ተሰበረ፣ ጥርሶቿ ረገፉ፣ የጀርባ አጥንቷም ተጎዳ። የዚያን ጊዜ 18 ዓመቷ ነው። አዎ፣ ሽባ ካደረጋት ከ2018ቱ አደጋ በፊት ሌላ ከባድ አደጋ ነበር። ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም።

ተነሳች። በ2012 ለንደን ላይ ከሚርያም ቬልተ ጋር በቡድን ስፕሪንት ወርቅ ወሰደች። ያኔ በሴቶች ሁለት ሰው ነበር የሚጋልበው፣ አንዷ የመጀመሪያውን ዙር ትመራና ትወጣለች፣ ሌላዋ ሁለተኛውን ትጨርሳለች። መሪዋ ከተፈቀደላት ቦታ ቀድማ ከወጣች ቡድኑ ይቀጣል። በዚህ ሕግ የብሪታንያ ቡድን በሜዳው፣ በሕዝቡ ፊት ከፍጻሜ በፊት ወደቀ። ፍጻሜው ላይ ደግሞ ቻይናዎቹ ቀድመው ገቡ፣ እነሱም በዚሁ ተቀጡና ወርቁ ለጀርመን ሆነ። «ዕድል ነው» የሚል ሰው ሁሌ አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ሕጉን ጠብቆ መጋለብም ችሎታ ነው፣ ደግሞም በዚያው ዓመት ሜልቦርን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነው ነው የመጡት። በግል ስፕሪንት ግን ለንደን ላይ አራተኛ ወጣች፣ ያለ ሜዳሊያ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚገርመው። በ2014 ኮሎምቢያ ካሊ ላይ በአንድ የዓለም ሻምፒዮና ሦስት ወርቅ፦ ስፕሪንት፣ ኬሪን (ብዙ ጋላቢ ከሞተር ኋላ ተከትሎ መጨረሻ ላይ የሚፈተለክበት) እና የቡድን ስፕሪንት። በ2016 ሪዮ ላይ ያ እናንተ ያያችሁት። ፍጻሜው ከብሪታንያዊቷ ቤኪ ጄምስ ጋር ነበር፣ የመጀመሪያውን ግጥሚያ ፎግል አሸንፋለች። ሁለተኛው ላይ መስመሩ ጋ ሳይክሏን ወደፊት ስትወረውር ሴላው ወለቀ። ቪዲዮውን አዘግይታችሁ እዩት። ከስሯ መቀመጫ የለም፣ የተረፈው ባዶ ብረት ነው፣ ሳይክሉ ፍሬን የለውም፣ ፍጥነቱ ገና አልበረደም። እሷ ግን ፔዳሉ ላይ ቆማ ሚዛኗን ጠብቃ ቀጠለች። ማሸነፏን ያወቀችው ከዚያ በኋላ ነው የሚመስለው።

እስከ 2018 ድረስ 11 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። የአውስትራሊያዋ አና ሜርስም 11 ነበራት፣ እኩል ናቸው ማለት ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የወሰደችው በ2018 መጀመሪያ ኔዘርላንድ አፐልዶርን ላይ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በፈረንጅ ጁን 26 ቀን፣ ኮትቡስ ከተማ ልምምድ ላይ በሙሉ ፍጥነት ስትመጣ ትራኩ ላይ ከነበረ የኔዘርላንድ ወጣት ብስክሌተኛ ጋር ተጋጭታ ኮንክሪቱ ላይ ወደቀች። ህብለ ሰረሰሯ ተቆረጠ። በመስከረም ወር ራሷ ወጥታ ከእንግዲህ እንደማትራመድ ተናገረች። 27 ዓመቷ ነበር። አዎ፣ እውነት ነው ወንድሜ።

ሸኖ በረዶ፦

ይቅርታ ግን እናታቸው ልክ ናቸው። ይቺ ሁለቴ ተጎድታለች፣ ጀርመን አገር፣ ያ ሁሉ ሐኪምና ያ ሁሉ ሜዳ እያለ። እኛ ጋ ሲኖትራክ ባለበት መንገድ ላይ የሚሆነውን አስቡት። ወርቁ ምን አደረገላት? ልጅቷ ትምህርቷን ትማር።

ነርስ ከደብረ ሲና፦

ሸኖ በረዶ፣ ስጋትህ ይገባኛል። መንገዳችን ላይ የሚመጣውን ተጎጂ የምቀበለው እኔ ነኝና መንገዱ አደገኛ መሆኑን ለኔ ማንም አይነግረኝም። ግን «ምን አደረገላት» ያልከውን ልመልስ።

የተጎዳችው ሰባተኛው የደረት አከርካሪ ጋ ነው። ይሄ ማለት ከደረቷ በታች ስሜትም እንቅስቃሴም የለም፣ እጆቿ ግን ሙሉ ጤነኛ ናቸው። እጅ ካለ ደግሞ በራስ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ መውጣትና መውረድ፣ መልበስ፣ በእጅ የሚነዳ መኪና መንዳት ይቻላል። ይሄ በራሱ የሚመጣ ነገር አይደለም፣ ከባድ ሥልጠና ነው። ስፖርተኛ የነበረ ሰው ግን ትከሻውና ክንዱ አለው፣ ድግግሞሽን ለምዷል፣ ሕመም እያለ መሥራትን ያውቃል። እኔ ክፍል ውስጥ ያየሁት ልዩነት ይሄ ነው።

እሷም ቤት አልተቀመጠችም። በ2019 ተመርጣ የኤርፉርት ከተማ ምክር ቤት አባል ሆነች። የጀርመን ቴሌቪዥን ላይ የሳይክል ውድድር ተንትናለች። በዓለም ደረጃ የትራክ ሻምፒዮንስ ሊግ ሲጀመር ከብሪታንያዊው ብስክሌተኛ ክሪስ ሆይ ጋር የውድድሩ አምባሳደር ሆነች። ይሄን የምዘረዝረው «ስለዚህ ምንም አልሆነችም» ለማለት አይደለም፣ ያጣችው ትልቅ ነገር ነው፣ ራሷም አልደበቀችውም። ነገር ግን እኛ አገር አንድ ሰው ወንበር ላይ ከተቀመጠ ሕይወቱ ያበቃ አድርገን «ከንፈር እንመጥጣለን»። ያ ከንፈር መምጠጥ ራሱ ይገድላል። ደብረ ሲና ላይ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያወጣ መወጣጫ የሌለው መሥሪያ ቤት ስንቱ ነው?

ለጠባሴ ልጅ አንድ ነገር ልጨምር። እህትህ ዝም ያለችው ፈርታ ነው ብለህ አትደምድም። ምናልባት የምትወዳት ሰው ተጎድታባት አዝናለች። ቁጭ ብለህ ጠይቃት።

የሞላሌ ልጅ፦

ነርሷ እግዚአብሔር ይስጥሽ። አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ፎግል የጀርመን ፌደራል ፖሊስ ባልደረባ ነበረች። እዚያ ፖሊስና ጦሩ ስፖርተኛ ቀጥረው ደመወዝ እየከፈሉ ያሠለጥናሉ። ልክ እኛ ጋ አትሌቶች በፌደራል ፖሊስ፣ በመከላከያ፣ በማረሚያ ቤቶች ክለብ እንደሚያዙት። ስለዚህ ሸኖ በረዶ ወንድሜ፣ ስፖርቷ ሥራዋም ነበር። የወደቀች ቀን ደግሞ ሐኪም ነበረ፣ ደጋፊና የቡድን ጓደኞቿም ገንዘብ አሰባሰቡላት። እኛ ልንጠይቅ የሚገባን ልጅ ለምን ሳይክል ነዳች አይደለም። ስትወድቅ ማን ያነሳታል የሚለው ነው።

የጠባሴ ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሞላሌ ልጅ የጻፈውን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የ2009ኙ ጋ ስደርስ አቋረጠችኝና «እናቷ እንዴት ፈቀደችላት?» አለች። ምን ልመልስላት?

ነርስ፣ ያልሽውን እህቴን ጠየቅኳት። ልክ ነሽ፣ አልፈራችም። የምታውቀው ሰው የተጎዳባት ያህል ነው ያዘነችው። አሁን በረንዳ ላይ የጎረቤት ሳይክል ተውሳ ሳትንቀሳቀስ መቆም እየተለማመደች ነው። ማኑብሪዮውን ትንሽ ወደ ጎን ታዞራለች፣ ፊተኛውን ፔዳል በእግሯ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ ታደርጋለች፣ ዓይኗን አንድ ቦታ ትተክላለች። ትቆያለች ደግሞ። እናቴ በመስኮት ታያታለች፣ ምንም አላለችም።

መንዜው፦

ለእናትህ የምትመልሰው፦ ፎግል ሁለቱንም ጊዜ የተጎዳችው ልምምድ ላይ ነው፣ አንዱ መኪና ባለበት መንገድ፣ አንዱ ብዙ ሰው በሚሠራበት ትራክ። ስለዚህ ልጅቷ ትንዳ ወይስ አትንዳ ብላችሁ አትጨቃጨቁ። የት፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር የሚለውን ከእናትህ ጋር ቁጭ ብላችሁ ወስኑ። እናት ቦታውን ራሷ ካየችው ልቧ ያርፋል።

አሁን ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርህ፣ ለእህትህ ንገርልኝ። ፎግል በታኅሣሥ 2013 200 ሜትርን በ10.384 ሰከንድ ጋልባ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ነበር። በሰዓት ሲሰላ ከ69 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በሰው እግር ብቻ። የት እንደሰበረችው ታውቃለህ? ሜክሲኮ፣ አጉዋስካሊየንተስ የምትባል ከተማ፣ ከባሕር ጠለል ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሳይክሉን ወደ ኋላ የሚገፋው ነፋስ ይቀንሳል። በረጅም ርቀት ስስ አየር ትንፋሽ ያሳጥርሃል፣ 10 ሰከንድ ለሚጨርስ ሰው ግን ኦክስጅን ማጠሩ ብዙም አይጎዳውም፣ የነፋሱን ቅናሽ ብቻ ነው የሚያተርፈው። ክብረ ወሰኑን በ2019 ካናዳዊቷ ኬልሲ ሚቼል ስትወስድባትም ቦሊቪያ ኮቻባምባ ላይ ነው፣ ከ2,500 ሜትር በላይ።

ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ናት!

እስቲ አስቡት። ለዚህ ስፖርት በተፈጥሮ ከተሰጡ ቦታዎች አንዱ ላይ ተቀምጠን ሜዳው የለንም። ጣራ ያለው ቬሎድሮም ውድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ነገ ይሠራልን እያልኩ አይደለም። ኮትቡስ ያለው ግን ጣራ የሌለው ኮንክሪት ነው። ኮንክሪት ማፍሰስ ደግሞ እናውቅበታለን፣ ከተማው ውስጥ ስንት ፋብሪካ ተገንብቶ የለም እንዴ? ባለሀብትም የስፖርት ቢሮም ይሄን የምታነቡ ካላችሁ ቁም ነገር ነው የማወራው።

ሸኖ በረዶ፦

ከፍታውን አላሰብኩትም ነበር፣ ጥሩ ነገር ነው የነገርከን። ስለ መንገዱ ግን አቋሜን አልቀየርም። የደሴው መስመር ላይ ልጅ አይለማመድም።

ጫጫ ጎሚስታ፦

ልጆቼ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ሳይክል ስጠግን ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ሸኖ በረዶ ስለ መንገዱ ልክ ነው፣ በዚህ ማንም አይከራከረው።

ስለ ሳይክሉ የማውቀውን ልናገር። የትራክ ሳይክል ካምቢዮ የለውም፣ ፍሬን የለውም። ፔዳሉና የኋላው ቸርኬ በካቴና የተቆላለፉ ናቸው፣ ቸርኬው እስከ ዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል፣ እግርህን ማሳረፍ አትችልም። ማቆም ስትፈልግ በእግርህ ወደ ኋላ እየያዝክ ነው የምታበርደው። ለተዘጋ ሜዳ ጥሩ ነው። አንዳንድ ወጣት ኢንተርኔት ላይ አይቶ «ጋሼ ፍሬኑን ፍታልኝ፣ ቸርኬውን አስርልኝ» እያለ ይመጣል። አልሠራም፣ ገንዘቡንም አልፈልግም። መንገድ ላይ ፍሬን የሌለው ሳይክል መቃብር ነው። ስለዚህ እህትህ የለመደችውን ሳይክል በሁለት ፍሬኑ ትያዘው።

ልምምዱ ደግሞ እኔ ከድሮ ጋላቢዎች እንዳየሁት ነው። በደንብ መሟሟቅ አለ፣ በተለይ በኛ ብርድ፣ ጉልበት ቀዝቅዞ ከተገፋ ይበጠሳል። ከዚያ አጭር፣ ከቆመበት ተነስቶ እስከ ጥግ ድረስ፣ ያለ የሌለ ኃይል። ከዚያ ረጅም ዕረፍት። ሙሉ በሙሉ ትንፋሽ እስኪመለስ። ብዙ ልጅ ዕረፍቱን ይዘለዋል፣ ያኔ ፍጥነት መሆኑ ይቀርና ድካም ብቻ ይሆናል። በማግስቱ ቀላል። ቁጭ ብድግ መሥራት፣ ደረጃ መዝለል፣ ይሄ ሁሉ ለጭን ነው። የትራክ ሰዎች ብረት የሚያነሱት ለዚህ ነው፣ የነዚያን ጀርመኖች ጭን አይታችኋል።

ቦታ ካልክ፣ የታጠረ ግቢ ውስጥ ያለ አስፋልት ፈልጉ። ትምህርት ቤትም ይሁን መሥሪያ ቤት፣ እሑድ ጠዋት ዘበኛውን አክብራችሁ ብትጠይቁ እምቢ የሚል ጥቂት ነው። እናትህም ይምጡ፣ ወንበር ይዘህላቸው ሂድ።

የጠባሴ ልጅ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። እናቴ «እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቦታውን ልይ» ብላለች። ቁልፉን ግን ገና አልሰጠችንም። ሳይክሉን ከማውጣታችን በፊት እርስዎ ጋ አምጥቼ ማሳየት እፈልጋለሁ፣ የፊት ፍሬኑ ይላላል። ሄልሜትም የለንም፣ ከየት ይገኛል? ያገለገለ ብገዛስ?

ጫጫ ጎሚስታ፦

ሳይክሉን በፈለግከው ቀን ጠዋት ጠዋት አምጣው፣ ፍሬኑን ገመድ እቀይርልሃለሁ፣ ጎማዎቹንም አያለሁ። ከነእህትህ ና፣ ከፍታውን በሷ ቁመት ነው የማስተካክለው። ያገለገለ ሄልሜት ግን አትግዛ። አንዴ ወድቆ የተመታ ከሆነ ውስጡ ተሰንጥቆ ከውጭ አይታይም፣ ሁለተኛ ጊዜ አያድንም። አዲሱን አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ልትልክ ትችላለህ። ከመላክህ በፊት የራሷን ዙሪያ ከቅንድቧ በላይ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካው፣ ሹሩባ ከተሠራች ከነሹሩባዋ።